ለደወሉ የሚመልሰው ማን ነው?

የርቀት የሕሙማን ክትትል ቴክኖሎጂ በሆስፒታል የነርስ አገልግሎት፦ ሂሳዊ ዳሰሳ

መግቢያ

አርሲ ነገሌ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከዝዋይ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የምዕራብ አርሲ ከተማ ናት። በአንድ ወገን የላንጋኖ፣ የአብያታና የሻላ ሐይቆች የተኙበት የስምጥ ሸለቆ ወለል፣ በሌላ ወገን ወደ ምሥራቅ ከፍ እያለ የሚሄደው ደጋ ይዋሰኗታል። እንዲህ ባለ ከተማ የሚገኝ ሆስፒታል በመንገድ አደጋ የተጎዳን ተሳፋሪ፣ ከወሊድ በኋላ ደም የፈሰሳትን እናትና በሳንባ ምች የሚያቃስትን ሕፃን በአንድ ሌሊት ሊቀበል ይችላል። በዚያች ሌሊት በተኝቶ ሕክምና ክፍል የምትገኘው ተረኛ ነርስ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ግሉኮስ ትቀይራለች፣ አዲስ ገቢ ትቀበላለች፣ ካርድ ትሞላለች፤ በዚህ ሁሉ መካከል የሕሙማኑን የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የትንፋሽ ቁጥርና ሙቀት በታዘዘው ሰዓት እየለካች እንድትመዘግብ ይጠበቅባታል። ሥራው ከሰው ጉልበት በላይ ሲሆን መጀመሪያ የሚዘለለው ይኸው ልኬት መሆኑን በዋርድ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን ጉድለት ይሞላል ተብሎ ተስፋ ከተጣለባቸው ነገሮች አንዱ የርቀት የሕሙማን ክትትል ቴክኖሎጂ ነው። በሕመምተኛው ጣት፣ ክንድ ወይም ደረት ላይ የሚደረገው መሣሪያ ልኬቱን ያለ ሽቦ ወደ ነርሶች ጠረጴዛ፣ ወደ ሐኪሙ ስልክ ወይም በሌላ ከተማ ወዳለ ማዕከል ያስተላልፋል፤ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ከገባ በኋላም ክትትሉ ሊቀጥል ይችላል። የደጋፊዎቹ ክርክር አጭርና ማራኪ ነው፤ ነርሶች ጥቂት ናቸው፣ መሣሪያው አይደክምም፣ አይተኛም፣ ስለዚህ የነርሷን ዓይን ሊተካ ይችላል።

የዚህ ዳሰሳ ዓላማ ይህን ክርክር መመርመር ነው። ቴክኖሎጂውን መንቀፍ ዓላማው አይደለም፤ በተገቢው ቦታ ሕይወት እንዳተረፈ ማስረጃ አለና። ነቀፋው የሚያርፈው ክርክሩ የክትትልን ሥራ ግማሹን ብቻ ማየቱ ላይ ነው።

ክትትል ማለት ምን ማለት ነው?

የነርስ ክትትል አራት ተያያዥ ተግባራት አሉት፤ መለካት፣ ማስተዋል፣ መወሰንና መድረስ። መሣሪያው የመጀመሪያውን በሚገባ፣ ሁለተኛውን በከፊል ይሠራል። የትንፋሽ ቁጥር ከ18 ወደ 30 ማሻቀቡን ሊናገር ይችላል። ሆኖም ቁጥሩ የጨመረው ሕመምተኛው ከመጸዳጃ ቤት ሲመለስ ስለደከመው ይሁን፣ ወይስ ሴፕሲስ ስለጀመረው፣ ሄዶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ኦክስጅን መስጠት፣ ደም ማዘዝ፣ ሐኪም መቀስቀስ፣ ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዳማ ሪፈር ማድረግ ደግሞ ከመሣሪያው አቅም ውጭ ነው።

ያለማቋረጥ መለካት በራሱ ጥቅም እንደማያመጣ የሚያስተምረው የቆየው ምሳሌ የፅንስ የልብ ምት ክትትል ነው። በምጥ ወቅት የፅንሱን የልብ ምት በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ያለማቋረጥ መከታተል፣ በየጊዜው በጆሮ ከማዳመጥ ጋር ሲነጻጸር ምን እንዳስገኘ በኮክሬን ግምገማ ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታደሰው ይህ ግምገማ ከ37,000 በላይ እናቶች የተሳተፉባቸውን 13 ጥናቶች ያቀፈ ሲሆን፣ መሣሪያው በአራስ ሕፃናት ላይ የሚታየውን የሚጥል መንቀጥቀጥ በግማሽ መቀነሱን አሳይቷል። የሕፃናት ሞትና ሴሬብራል ፓልሲ ግን አልቀነሱም፤ በአንጻሩ በቀዶ ሕክምና መውለድ ጨምሯል። ብዙ ማየት ብዙ እርምጃ ያስከትላል፤ እርምጃው ሁሉ ግን ለሕመምተኛው ይበጃል ማለት አይደለም።

ከጥናቶች የተገኘው ፍርድ

በርቀት ክትትል ላይ ከተካሄዱት ትልልቅ ጥናቶች መካከል በልብ ድካም ሕሙማን ላይ የተደረጉት ሦስቱ ጎን ለጎን ቢነበቡ ብዙ ያስተምራሉ። ሦስቱም ሕሙማኑን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ያነጻጸሩ ናቸው።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ታትሞ የወጣውና 1,653 ሕሙማን የተሳተፉበት ቴሌ ኤችኤፍ የተባለው ጥናት ነው። ሕሙማኑ በየቀኑ ወደ አውቶማቲክ የስልክ መሥመር እየደወሉ ስለ ሕመም ስሜታቸውና ስለ ክብደታቸው ይመዘግቡ ነበር። በ180 ቀናት ውስጥ ዳግም ሆስፒታል የገቡት ወይም የሞቱት በክትትሉ ቡድን 52.3 በመቶ፣ በመደበኛው እንክብካቤ 51.5 በመቶ ሆኑ፤ ልዩነት አልተገኘም። በክትትሉ ቡድን ከተመደቡት 14 በመቶ የሚሆኑት ስልኩን ከነጭራሹ አልተጠቀሙበትም። ሁለተኛው በካሊፎርኒያ በ1,437 ሕሙማን ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ቢት ኤችኤፍ ነው። በዚህኛው የቤት ውስጥ መለኪያና የነርሶች የስልክ ምክር ተጣምረው ቀርበዋል፤ በ180 ቀናት ውስጥ ዳግም ሆስፒታል በመግባት ረገድ ግን ልዩነት አላመጡም።

ሦስተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የጀርመኑ ቲም ኤችኤፍ 2፣ የተለየ ውጤት ይዞ መጣ። ክብደት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምዝገባና የደም ኦክስጅን ሙሌት በየቀኑ በርሊን ወደሚገኝ ማዕከል ይላኩ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ በማንኛውም ምክንያት የደረሰው ሞት በመደበኛው እንክብካቤ በ100 ሰው-ዓመት 11.3 ሲሆን፣ በክትትሉ ቡድን 7.9 ሆነ።

የሦስተኛውን ውጤት መሣሪያው የላቀ ስለነበረ ብቻ የተገኘ አድርጎ መውሰድ ያሳስታል። የሕሙማኑ አመራረጥም የተለየ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን በበርሊኑ ማዕከል ሐኪሞችና ነርሶች ሌትና ቀን፣ በሳምንት ሰባት ቀን ተቀምጠው ልኬቱን ያዩ፣ መድኃኒት ያስተካክሉና ከሕመምተኛው የቅርብ ሐኪም ጋር ይነጋገሩ ነበር። ስለዚህ ጥናቱ የፈተነው መሣሪያን ሳይሆን መሣሪያ የያዘን የሰው ኃይል ነው። ውጤቱን ጠቅሶ መሣሪያውን ብቻ መግዛት የሐኪሙን ማዘዣ ወስዶ መድኃኒቱን እንደመተው ይቆጠራል።

የደወል ብዛትና የነርሷ ጆሮ

ሁለተኛው የክርክሩ ድክመት መሣሪያው የነርሷን ሥራ ይቀንሳል የሚለው ግምት ነው። በመሣሪያ የተሞሉ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ተሞክሮ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። በሕሙማን መከታተያ መሣሪያዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከሚሰሙት ደወሎች ከ72 እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት ሐሰተኛ ወይም እርምጃ የማይሹ መሆናቸውን ዘግበዋል። ጣት ሲንቀሳቀስ፣ ገመድ ሲላቀቅ፣ ሕመምተኛው ሲገላበጥ ይደወላል። የነርሷ ጆሮ ውሎ አድሮ ደወሉን ይለምደዋል፤ የለመደው ጆሮ ደግሞ እውነተኛውን ደወል ከሐሰተኛው ጋር አብሮ ያልፈዋል። ጆይንት ኮሚሽን የተባለው የአሜሪካ የሆስፒታሎች ጥራት ተቆጣጣሪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከጥር 2009 እስከ ሰኔ 2012 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ከደወል ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች እንደተነገሩት፣ ከእነዚህም 80ዎቹ በሞት እንደተፈጸሙ አስታውቋል።

ይህ የደረሰው ለአንዲት ነርስ ጥቂት ሕሙማን ብቻ በሚመደቡበት አገር ነው። አንዲት ነርስ ሙሉ ዋርድ በምትጠብቅበት ሆስፒታል በየአልጋው ደወል ቢተከል፣ ሥራዋ ይቀላል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ቁጥሩ፣ ቆዳውና ከፍታው

መሣሪያው የሚደውለው አስቀድሞ የተወሰነ ወሰን ሲታለፍ ነው። ወሰኑን የወሰነው ማን ነው? በየትኛው ሕዝብ ላይ ተለክቶ? ይህ ጥያቄ በተለይ የደም ኦክስጅን ሙሌትን በጣት ላይ በሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር ረገድ ክብደት አለው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣው የሚሺጋን ሐኪሞች ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባሳየበት ጊዜ ከደም ቅዳ የተወሰደው ደም ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘበትን ድግግሞሽ መረመረ። ይህ ስውር የኦክስጅን እጥረት በነጭ ሕሙማን 3.6 በመቶ፣ በጥቁር ሕሙማን 11.7 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም በተከታዩ ዓመት በየካቲት ወር የጥንቃቄ ማሳሰቢያ አውጥቷል። በቆዳው ጥቁረት ምክንያት ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ብሎ የሚነበብለት ሕመምተኛ ደወል ሳይደወልለት ሊዳከም ይችላል ማለት ነው። በአንድ ከተማ ተመርቶ በሌላ አህጉር የተፈተሸ መሣሪያ አርሲ ነገሌ ሲደርስ ይህ ጥያቄ አብሮት መድረስ ነበረበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። አርሲ ነገሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአምስተኛ እጅ ያህል ዝቅ ይላል። የእንግሊዝ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ፊዚሺያንስ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣውና በ2017 ያሻሻለው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ነጥብ፣ የኦክስጅን ሙሌት 96 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ምንም ነጥብ አይሰጥም፤ 94 እና 95 አንድ፣ 92 እና 93 ሁለት፣ 91ና ከዚያ በታች ሦስት ነጥብ ያስይዛሉ። በ2,000 ሜትር ላይ ጤነኛ ሰው ሳይቀር ከ96 በታች ሊያሳይ ስለሚችል፣ ሠንጠረዡ ሳይስተካከል ቢገባ ለጤነኞች መደወል ይጀምራል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ የከፍታን ልክ ከሌላ አገር ደጋ መዋስም አለመቻሉ ነው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በአማራ ክልል በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ደገኞች አማካይ የኦክስጅን ሙሌታቸው 95.3 በመቶ፣ የሄሞግሎቢን መጠናቸውም በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች እምብዛም ያልተለየ ሆኖ አግኝተውታል፤ ይህም በአንዲስና በቲቤት ከታየው የተለየ ነው። ስለዚህ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞችና ለዙሪያቸው ደጋ የሚሆነው ወሰን በዚያው በጤነኛ ነዋሪዎች ላይ ተለክቶ መገኘት ይኖርበታል። ሕመምተኛው በቤቱ ሆኖ የሚከታተሉት ከሆነ፣ ቤቱ በሐይቁ ዳር ይሁን በደጋው ራሱ የቁጥሩን ትርጉም ይለውጠዋል።

በአገራችን የታየው

ኢትዮጵያ ለርቀት ሕክምና እንግዳ አይደለችም። በሕንድ መንግሥት ወጪ የተዘረጋው የመላ አፍሪካ ኤሌክትሮኒክ ኔትወርክ የሙከራ ሥራውን የጀመረው በኢትዮጵያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 ሲመረቅ ጥቁር አንበሳና ነቀምቴ ሆስፒታሎች በሐይደራባድ ከሚገኘው ኬር ሆስፒታል ጋር ተገናኝተዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ዓይነቱ ግን ሐኪም ከሐኪም የሚመካከርበት እንጂ በአልጋ ላይ ያለን ሕመምተኛ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ አልነበረም። ምክክር በቀጠሮ ሊሠራ ይችላል፤ ክትትል ግን ቀጠሮ አያውቅም።

ለርቀት ክትትል የቀረበው ተሞክሮ የኮቪድ 19 ወረርሽኝ ያስከተለው ነው። የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ፣ የሕሙማኑ ቁጥር ሲጨምር ቀላል ምልክት ያለባቸው በቤታቸው ተለይተው እንዲታከሙ ተደረገ፤ የጤና ባለሙያዎችም በስልክ እየደወሉ ይከታተሏቸው ጀመር። በዚያው ወቅት፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ የቤት ክትትል በእነዚያ ሳምንታት ምን ይሆን እንደነበር መገመት አያዳግትም። በአንጻሩ ተራው የስልክ ጥሪ ሁለት ነገሮች ነበሩት፤ በዚያኛው ጫፍ የሚመልስ ሰው፣ በዚህኛው ጫፍ ደግሞ የሚጠይቅና የሚወስን ባለሙያ።

የመሣሪያ ዕድሜም ሊዘነጋ አይገባም። ፔሪና ማልኪን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ግምገማ፣ በ16 ታዳጊ አገሮች ከተመዘገቡት የሕክምና መሣሪያዎች 40 በመቶ ያህሉ ከአገልግሎት ውጭ ሆነው ተገኝተዋል። ባትሪው፣ የጣቱ ማያያዣና መለዋወጫው አብረው ያልታሰቡለት ሞኒተር በየሆስፒታሉ መጋዘን ካሉት መሰሎቹ ጋር ይቀላቀላል። የባዮሜዲካል ባለሙያ በሌለበት የሚገዛ የክትትል መሣሪያ የመጀመሪያውን ዓመት እንኳ በሥራ ላይ ሆኖ መጨረሱ ያጠራጥራል።

አስታማሚው

የመሣሪያው ደጋፊዎች ክርክር ፈጽሞ የዘለለው አንድ ሰው አለ፤ አስታማሚው። በኢትዮጵያ ሆስፒታል ሕመምተኛ ብቻውን አይተኛም። እናት፣ ወንድም ወይም ጎረቤት ከአልጋው ሥር ጋቢ አንጥፎ ያድራል። ይህ ሰው የልብ ምት አይቆጥርም፤ ነገር ግን ሕመምተኛውን ከሕመሙ በፊት ያውቀዋል። «ሲስተርዬ፣ የልጄ አተነፋፈስ አላማረኝም» ብላ በሌሊት የምትመጣ እናት፣ በየትኛውም ወሰን ላይ ያልተጻፈ ለውጥ አይታ ነው የመጣችው። ብዙ ጊዜ የምታገኘው መልስ ግን «እሺ፣ እመጣለሁ፣ ሂጂ ተቀመጪ» የሚል ነው።

በቴክኖሎጂ የበለጸጉት አገሮች ወደዚሁ ነጥብ እየተመለሱ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። በእንግሊዝ የ13 ዓመቷ ማርታ ሚልስ እ.ኤ.አ. በ2021 በሴፕሲስ ከሞተች በኋላ፣ ወላጆቿ ሥጋታቸውን ደጋግመው ቢናገሩም እንዳልተሰሙ አስረድተው ባደረጉት ጥረት የማርታ ደንብ የተባለው አሠራር ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች መግባት ጀምሯል። ደንቡ ቤተሰብ የሕመምተኛው ሁኔታ ሲያሠጋው ከሌላ ቡድን ፈጣን ምርመራ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። በመሣሪያ የታጠረ ሆስፒታል ውስጥ እንኳ የጎደለው አስታማሚን መስማት ነበር።

እንደ አርሲ ነገሌ ባለ ከተማ ይህ ከቋንቋም ጋር ይያያዛል። ወደ ቤት የሚላክ መሣሪያ መመሪያው በእንግሊዝኛ፣ ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ በቤቱ አፋን ኦሮሞ ለሚነገርበት ቤተሰብ ቀይ መብራት ከመሆን አያልፍም። አስታማሚው የክትትሉ አካል የሚሆነው ምን ሲያይ፣ ለማን፣ በምን ቁጥር እንደሚደውል በገዛ ቋንቋው ሲነገረው ነው።

ተጠያቂነት

በመጨረሻ ሊነሣ የሚገባው በነርሷ ላይ የሚወድቀው ሸክም ነው። መሣሪያው ሁሉንም ይመዘግባል። ደወሉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተደወለ፣ የተመለሰለት ዘጠኝ ተኩል ነው ብሎ ይመሰክራል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ነርሷ በሌላ አልጋ ደም የሚፈሳትን እናት ስትረዳ እንደነበረ ግን አይመዘግብም። የሰው ኃይል ሳይጨመር የገባ መሣሪያ የአስተዳደርን ጉድለት ወደ ነርሷ ጥፋት ሊለውጠው ይችላል። ይህን የምታውቅ ነርስ ደግሞ ራሷን ለመጠበቅ የደወሉን ድምፅ ብትቀንስ ወይም ወሰኑን ብታሰፋ ሊያስገርም አይገባም። ያን ጊዜ መሣሪያው በግድግዳው ላይ ይሠራል፣ ሕመምተኛውን ግን የሚጠብቀው የለም።

ማጠቃለያ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ዲጂታል ጤና ባወጣው መመሪያ፣ የርቀት ሕክምና በአካል የሚሰጠውን አገልግሎት ሊያግዝ እንጂ ሊተካ እንደማይገባ አሳስቧል። ከላይ የቀረበው ሁሉ ይህን ያጠናክራል። የርቀት ክትትል ነርስ ላለው ሆስፒታል ነርሱን ያበረታል፤ ነርስ ለሌለው ሆስፒታል ግን የማይመለስ ደወል ያበዛል።

ስለዚህ አንድ ሆስፒታል እንዲህ ያለ መሣሪያ ከመግዛቱ ወይም በስጦታ ከመቀበሉ በፊት አምስት ጥያቄዎችን በጽሑፍ መመለስ ይኖርበታል። አንደኛ፣ በሌሊት ለደወሉ የሚመልሰው ማን ነው? እርሱ ሲያዝስ የሚተካው? ሁለተኛ፣ የመለሰው ሰው ምን ለማድረግ ሥልጣን አለው? ሐኪም ሳይመጣ ኦክስጅን መጀመር ይችላል? ሦስተኛ፣ የደወሉ ወሰን ለአካባቢው ከፍታና ሕዝብ ተስተካክሏል? አራተኛ፣ መብራትና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ክትትሉ በምን ይቀጥላል? አምስተኛ፣ መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? በየትኛው በጀት?

መልሱ ያልተሟላለት ሆስፒታል እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ዋርድ የማይጠፋ አንድ ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ትንፋሽን በሙሉ ደቂቃ የሚቆጥር ነርስ፣ በአልጋው ራስጌ የተሰቀለ የልኬት ሠንጠረዥ፣ ሐኪም መቼ እንደሚጠራ የሚገልጽ አንድ ገጽ ደንብ፣ ለአስታማሚውም «አላማረኝም» ሲል የሚሰማበት መንገድ ዛሬውኑ ሊጀመሩ ይችላሉ። እነዚህ በተሟሉበት ቦታ የርቀት መሣሪያው ሲመጣ የሚያርፍበት መሠረት ያገኛል። ባልተሟሉበት ግን ውድ ዋጋ የተከፈለበት ቁጥር በባዶ ጠረጴዛ ላይ እያበራ ያድራል፤ እናቲቱም እንደ ቀድሞው ነርስ ፍለጋ በኮሪደሩ ትመላለሳለች።